ካሬት፣ ቲልዳ ወይስ ምንም? የፓኬጅ ማናጀሮች የቨርዥን ምልክቶች ግምገማ ከኮምቦልቻ

ፓኬጅ ማናጀር ሌሎች የጻፉትን ኮድ አውርዶ ፕሮግራማችን ውስጥ የሚያስገባ መሣሪያ ነው፤ የትኛውን ቨርዥን እንደሚያወርድ የምንነግረው በአጫጭር ምልክቶች ነው። ከእነዚህ መሣሪያዎች መካከል የቨርዥን ምልክቱን በደንብ አስቦበት የሠራው የረስት ቋንቋው ካርጎ ነው። ቀጥሎ ጎ ይመጣል። የጃቫስክሪፕቱ ኤንፒኤም ጥሩ ነው፤ ሎክ ፋይል፣ ማለትም የተጫነውን ትክክለኛ ቨርዥን የሚመዘግብ ፋይል፣ ከሌለው ግን አላምነውም። የሩቢው ምልክት አይመቸኝም። ፓይተን ላይ ደግሞ የሚያስቸግረው ምልክቱ ሳይሆን አካባቢው ነው፤ ላይብረሪዎቹ የሚጫኑበት ቦታ ማለቴ ነው። ፍርዴን ከወዲሁ ሰጥቻለሁ፤ ረጅሙ ምክንያቱ ነው።

ከየት ሆኜ እንደምናገር ልንገራችሁ። ሁለት ሰዎች ነን። እኔ ኮምቦልቻ በርበሬ ወንዝ አካባቢ ካለች ቢሮ እሠራለሁ፤ ባልደረባዬ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ከቤቱ ይሠራል። በመሀላችን የሐረጎ ተራራ አለ። ለሱቅ፣ ለመድኃኒት ቤትና ለትምህርት ቤት የሚሆኑ ሲስተሞች እንሠራለን። ዋናው ሥራ በፒኤችፒ ስለሆነ ኮምፖዘር አለ። ተጠቃሚው የሚያየው ገጽ በጃቫስክሪፕት ስለሆነ ኤንፒኤም አለ። ሪፖርት የሚያወጡት ስክሪፕቶች በፓይተን ናቸው። ከፕሪንተር ጋር የሚነጋገረው ትንሽ ፕሮግራም በረስት ተጽፏል። የጎ ቋንቋን ለአንድ ሰርቨር ተጠቅመንበታል። ከሌላ ድርጅት የተረከብነው የሩቢ ሥራም አለ። ስለዚህ እነዚህን ሁሉ ምልክቶች የምናነበው ሥራው ስለሚያስገድደን ነው።

ለዘርፉ አዲስ ለሆነ አንባቢ ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሁሉንም ነገር ከዜሮ አይጽፍም። ሌሎች የጻፏቸውን ላይብረሪዎች ይወስዳል። እያንዳንዱ ላይብረሪ የቨርዥን ቁጥር አለው፤ ለምሳሌ 1.4.2። ሴምቨር በሚባለው ስምምነት መሠረት የመጀመሪያው ቁጥር ከተቀየረ የድሮው ኮድ ሊሰበር ይችላል። የመሀሉ ከተቀየረ አዲስ ነገር ተጨምሯል፤ የድሮው ግን እንደነበረ ይሠራል። የመጨረሻው ከተቀየረ ስህተት ታርሟል ማለት ነው። ስምምነቱን የጻፈው ከጊትሃብ መሥራቾች አንዱ ቶም ፕሬስተን ወርነር ነው። የሚያስገድድ ሕግ ግን አይደለም። ቁጥሩን የሚሰጠው የላይብረሪው ባለቤት ነው፤ እሱም ሰው ነው።

እኛ ደግሞ በፕሮጀክታችን ፋይል ውስጥ የትኛውን ቨርዥን እንደምንቀበል መናገር አለብን። ምልክቶቹ የመጡት ለዚህ ነው።

እኔ የምመዝናቸው በአንድ ጥያቄ ነው። ምልክቱ የማውቀውን ነገር ከምገምተው ነገር ይለይልኛል ወይ? 1.4.2ን ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል። ይሄ የማውቀው ነው። «ከ2.0.0 በታች ያለው ሁሉ ይሠራል» ስል ግን ገና ስላልተጻፈ ኮድ እየተናገርኩ ነው። 1.9.0 ምን ይዞ እንደሚመጣ ባለቤቱ ራሱ አያውቅም። የታችኛው ወሰን በሙከራ የተገኘ ነው፤ የላይኛው ወሰን በሰው ቃል ላይ የተመሠረተ ግምት ነው። ብዙዎቹ ምልክቶች ግን ሁለቱን በአንዲት ቁምፊ ጠቅልለው ያስቀምጧቸዋል።

ከኤንፒኤም ልጀምር፤ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው እሱን ነውና። ሁለት ዋና ምልክቶች አሉት። ካሬት፣ «^1.4.2» ተብሎ ሲጻፍ፣ ከ1.4.2 ጀምሮ ከ2.0.0 በታች ያለውን ሁሉ ይቀበላል። ቲልዳ፣ «~1.4.2» ተብሎ ሲጻፍ፣ ከ1.5.0 በታች ላይ ይቆማል። ያለ ምልክት «1.4.2» ከጻፍክ ያንኑ ብቻ። እ.ኤ.አ. እስከ 2014 መጀመሪያ ድረስ አዲስ ላይብረሪ ስታስገባ ኤንፒኤም በራሱ የሚጽፍልህ ቲልዳን ነበር። ከዚያ ወዲህ ካሬት ሆነ። ሰው እጁን ሳያነሳ ልማዱ ተለወጠ። «የታረመውን ብቻ ስጠኝ» ይል የነበረው ሁሉ በአንዴ «አዲስ የተጨመረውንም ስጠኝ» ወደሚል ተሻገረ። ነባሪ ምርጫ ትልቅ ጉልበት እንዳለው እዚህ ላይ ይታያል። አብዛኛው ዲቨሎፐር ምልክቱን አይመርጥም፤ የተጻፈለትን ይዞ ይቀጥላል።

የካሬት ዜሮ ሕግ ብዙ ሰው ያደናግራል፤ እኔ ግን እወደዋለሁ። «^0.4.2» ማለት ከ0.5.0 በታች ነው። «^0.0.3» ማለት ደግሞ 0.0.3 ብቻ። ይሄ የሆነበት ምክንያት ሴምቨር ራሱ በዜሮ የሚጀምር ቨርዥን ገና በግንባታ ላይ ስለሆነ ምኑም ሊቀየር ይችላል ስለሚል ነው። ካሬት ያን ቃል አክብሮ ይጠነቀቃል። ከግራ ቆጥረህ መጀመሪያ ያገኘኸው ዜሮ ያልሆነ ቁጥር አይነካም፤ ሕጉ ይሄው ነው። አንድ ጊዜ ከገባህ አትረሳውም።

ይሄ ጥንቃቄ ምን እንደሚያተርፍ ያየነው በአንድ ደንበኛችን ሱቅ ነው። ሐጂ ኮምቦልቻ ውስጥ የጅምላ ንግድ አላቸው። ሲስተማችን ደረሰኝ በኢትዮጵያ ቀን ያወጣላቸዋል። ደረሰኙን የሚያሳምረው አንድ የተዘጋጀ ላይብረሪ ነው፤ እሱ ደግሞ በተራው ሌላ የቀን መቁጠሪያ ላይብረሪ ይጠራል። ሐጂ ኮምፒውተር ሲቀይሩ ሲስተሙን እንደገና የጫነላቸው ሌላ ድርጅት ነበር። ሎክ ፋይሉን ትቶ ሁሉንም ከኢንተርኔት አዲስ አወረደ። በሁለተኛው ቀን ሐጂ ደወሉ።

«ልጄ፣ ጥቅምት ገብቶ ማሽንህ ገና መስከረም ላይ ነው።»

«አብሽሩ ሐጂ፣ አሁኑኑ እናየዋለን» አልኳቸው።

የኔ ላፕቶፕ ላይ ያው ኮድ ጥቅምት ይላል። ደሴ ያለው ባልደረባዬም ጋ ጥቅምት ይላል። ሐጂ ጋ ብቻ መስከረም። ሲታይ እኛ ጋ ያለው የቀን መቁጠሪያ ላይብረሪ 0.4.2 ነው፤ እሳቸው ጋ የወረደው 0.6.0። በመሀል ባለቤቱ ወሮችን ከ1 መቁጠር ትቶ ከ0 መቁጠር ጀምሯል። እሱ ጥፋት የለበትም፤ በዜሮ የሚጀምር ቨርዥን ላይ እንዲህ የማድረግ መብት አለው፣ የመሀሉን ቁጥርም በአግባቡ አሳድጓል። ችግሩ ደረሰኝ የሚያሳምረው ላይብረሪ ፋይል ውስጥ ነበር። «>=0.4.0» ይላል። ከ0.4.0 ጀምሮ የመጣው ይምጣ ማለት ነው። በካሬት ተጽፎ ቢሆን 0.6.0 በበሩ አያልፍም ነበር።

ስለ «>=» ያለኝ አስተያየት እንግዲህ እዚህ ላይ ግልጽ ነው። ስለ ታችኛው ወሰን እውነቱን ይናገራል። ስለ ላይኛው ዝም ይላል። ዝምታው ግን ጥንቃቄ አይደለም፤ ማሽኑ ዝምታን ሁልጊዜ እንደ ፈቃድ ነው የሚያነበው።

ሎክ ፋይል የሚባለው በተጫነበት ቀን የተመረጠውን ትክክለኛ ቨርዥን፣ ላይብረሪው በተራው የሚጠራቸውን ሌሎች ላይብረሪዎች ጭምር፣ መዝግቦ የሚያስቀምጥ ነው። ኤንፒኤም ይሄን በነባሪነት ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2017 በቨርዥን 5 ነው። ያርን የተባለው ሌላ የጃቫስክሪፕት ፓኬጅ ማናጀር ከዚያ በፊት በ2016 ይዞት ወጥቷል። ምልክቱ የሚፈቀደውን ይናገራል፤ ሎክ ፋይሉ የሆነውን ይመዘግባል። ሁለቱ ተለያይተው መቀመጣቸው ትልቅ ነገር ነው። ምልክቱ ለቀቅ ማለት የሚችለው ሎክ ፋይሉ ስለሚይዝለት ነው።

ወደ ኮምፖዘር ስመጣ በጣም የሚያናድደኝን ነገር እናገራለሁ። ላራቬል በሚባለው የፒኤችፒ ማዕቀፍ የተሠራ ፕሮጀክት ክፈቱ። በአንድ ፎልደር ውስጥ ሁለት ፋይሎች ጎን ለጎን ታገኛላችሁ፤ አንዱ የኮምፖዘር፣ ሌላው የኤንፒኤም። በኤንፒኤሙ ፋይል «~1.4» ብትጽፉ ከ1.5.0 በታች ማለት ነው። በኮምፖዘሩ ፋይል ያንኑ «~1.4» ብትጽፉ ከ2.0.0 በታች ማለት ነው። ምልክቱ አንድ፣ ቁጥሩ አንድ፣ ፎልደሩ አንድ፤ ትርጉሙ ሁለት። የሚገርመው ሦስቱንም ቁጥሮች አሟልታችሁ «~1.4.2» ብትሉ ሁለቱም ይስማማሉ። ልዩነቱ የሚወጣው አንድ ቁጥር ሲጎድል ነው። ኮድ ሪቪው ላይ፣ ማለትም የሌላውን ኮድ አንብበን ስናርም፣ ይሄን በዓይኑ የሚይዝ ሰው አላየሁም፤ ምክንያቱም ዓይን ምልክቱን ያውቀዋል፣ አውቃለሁ ብሎም ያልፋል።

የሁለቱም ካሬት ግን አንድ ነው። ኮምፖዘር ራሱም ላይብረሪ ለሚጽፉ ሰዎች ካሬትን ነው የሚመክረው። እኛ ቢሮ ቲልዳ በሁለት ቁጥር አይጻፍም። ይሄን የቢሮ ሕግ አድርገነዋል።

የሩቢው «~>» የዚሁ ችግር ምንጭ ይመስለኛል። «~> 1.4» ማለት ከ2.0 በታች። «~> 1.4.0» ማለት ከ1.5 በታች። መጨረሻ ላይ የተጨመረችው ዜሮ በሩን አጠበበችው። ሱቅ ሂዱና 50 ብርና 50.00 ብር ልዩነት አላቸው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። እንደ ቨርዥንም 1.4 እና 1.4.0 እኩል ናቸው። እንደ ወሰን ግን የተለያዩ ሆኑ። ንድፈ ሐሳቡ ብልህ ነው፣ አልክድም፤ በአንድ ምልክት ሁለት ዓይነት ጥብቀት ታገኛለህ። ግን ትርጉሙን የተሸከመው የቁጥሮቹ ብዛት ነው። አንባቢ ቁጥር ያነባል እንጂ ቁጥር ስንት እንደሆነ አይቆጥርም። ንጽሕና የሚወድ አዲስ ሠራተኛ ገብቶ «ሁሉንም ሦስት ቁጥር ላድርጋቸው» ቢል፣ ምንም ሳያስብ የፕሮጀክቱን ወሰን በሙሉ ይለውጠዋል።

ፓይተን ይሄንኑ ሐሳብ ወስዶ «~=» አለው። ሕጉ የተጻፈው ኒክ ኮግላንና ዶናልድ ስተፍት ባዘጋጁት ፔፕ 440 በሚባለው ሰነድ ነው። «~=1.4» ከ2 በታች፣ «~=1.4.0» ከ1.5 በታች። አንድ ነገር ግን አስተካክለዋል። «~=1» ብሎ በአንድ ቁጥር ብቻ መጻፍ ክልክል ነው። ግልጽ ያልሆነውን በር ዘግተውታል፤ ይሄን አከብራለሁ።

ፓይተን ላይ ያለኝ ቅሬታ ሌላ ነው። በአንድ አካባቢ ውስጥ የአንድ ላይብረሪ አንድ ቨርዥን ብቻ ነው መኖር የሚችለው። ኤንፒኤም ቢቸግረው ሁለቱንም ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ፓይተን አይችልም። ስለዚህ አንዱ ላይብረሪ «ከ2 በታች» ሌላው «ከ2 ጀምሮ» ካለ መፍትሔ የለም፣ አበቃ። የላይኛው ወሰን ግምት ነው ብዬ የለ? እዚህ ላይ ያ ግምት ውድ ይሆናል። ላይብረሪው በ2.0 በትክክል ሊሠራ ይችል ይሆናል፤ ባለቤቱ ግን ሳይሞክረው ከለከለ፣ ተጠቃሚው ከውጭ በቀላሉ ሊያነሳው አይችልም። በዚህ ላይ የዳታው ጉዳይ አለ። የፓይተን ላይብረሪዎችን የሚጭነው ፒፕ ከቨርዥን 20.3 ወዲህ ግጭት ሲያጋጥመው ወደ ኋላ እየተመለሰ የቆዩ ቨርዥኖችን ይሞክራል። ለመሞከር ብዙ ጊዜ ማውረድ አለበት። ደሴ ላይ በሞባይል ዳታ የሚሠራ ሰው ይሄ ሲከሰት ያየዋል፤ የአንድ ላይብረሪ አምስት ስድስት ቨርዥን ተራ በተራ ይወርዳል፣ መጨረሻ ላይ አልተቻለም ይላል።

ሌላም አለ። ፓይተን አካባቢ ብዙ ላይብረሪዎች ቁጥራቸውን በዓመት ነው የሚያወጡት። ፒፕ ራሱ እንዲህ ነው፤ 24.0 የ2024 ነው። እንዲህ ባለ ላይብረሪ ላይ «~=23.1» ብትጽፍ ምን ማለት ነው? የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት እስኪገባ ማለት ነው። ኮድ ይሰበራል አይሰበርም ከሚለው ጋር ግንኙነት የለውም። ምልክቱ የሚሠራው ቁጥሩ ትርጉም ሲኖረው ብቻ ነው፤ ትርጉሙን ደግሞ ምልክቱ ማረጋገጥ አይችልም።

አሁን ካርጎ። በረስት ዓለም ያለ ምንም ምልክት «1.4.2» ብትጽፍ ካሬት እንዳለበት ይቆጠራል። ያንኑ ብቻ ከፈለግክ «=1.4.2» ማለት አለብህ። ይሄ ትንሽ ይመስላል። ለኔ ግን ከሁሉም የተሻለ ውሳኔ ነው። ለመጻፍ ቀላሉ ነገር ለአብዛኛው ሥራ ትክክለኛው ነገር ሆኗል። ጥብቅ መሆን የሚፈልግ ሰው ደግሞ ሆን ብሎ አንድ ቁምፊ ይጨምራል፤ ያቺን ቁምፊ ያየ ሁሉ «ምን ቢያጋጥመው ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የላይኛውን ወሰን ግምት ደግሞ ካርጎ ርካሽ አድርጎታል። 1.9 እና 2.0 በአንድ ፕሮግራም ውስጥ አብረው መኖር ይችላሉ። የሚስማሙት ግን ወደ አንድ ይጠቃለላሉ። ግምትህ ስህተት ቢሆን እንኳ ሥራው አይቆምም። ጉድለቱ ከኤንፒኤም የመጣ ሰው ባዶውን ቁጥር አይቶ «ያንኑ ብቻ» ብሎ ማንበቡ ነው። ባልደረባዬ እንዲህ አንብቦት በስልክ ተከራክረናል።

ጎ ከሁሉም ደፋሩ ነው። ምልክት የለውም። የምትጽፈው የታችኛውን ወሰን ብቻ ነው። የጎ ቡድን መሪ የነበረው ራስ ኮክስ እ.ኤ.አ. በ2018 ባቀረበው ሐሳብ መሠረት፣ የተለያዩ ላይብረሪዎች የየራሳቸውን ዝቅተኛ ቨርዥን ይጠይቃሉ፤ ጎ ከተጠየቁት ውስጥ ከፍተኛውን ይወስዳል። ከዚያ አያልፍም። ትናንት ማታ አዲስ ቨርዥን ቢወጣ ያንተ ፕሮግራም ጉዳዩ አይደለም። ኮድ የሚሰብር ለውጥ ያመጣ ላይብረሪ ደግሞ የመጠሪያ መንገዱን ራሱ መቀየር አለበት፤ ቨርዥን 2 ሌላ ላይብረሪ ሆኖ ይቆጠራል። ማለትም የምታውቀውን ብቻ ትጽፋለህ፣ ግምቱን ለማንም አትጽፍም። በጥያቄዬ ከለካሁት ንጹሑ ይሄ ነው። ሁለተኛ ያደረግኩት የደኅንነት እርማት በራሱ ስለማይመጣ ነው። አንተ ሄደህ ካልጠየቅክ የድሮው ቀዳዳ እንደተከፈተ ይቆያል። ደንበኞቹን በየጊዜው የሚጎበኝ ቡድን ላለው ችግር የለም፤ ሠርቶ አስረክቦ ለሚሄድ ሰው ግን ያሳስባል።

ከድሮዎቹ ደቢያን የሚባለውን የሊኑክስ ሥርጭት ሳላነሳ አላልፍም። እዚያ «ያነሰ» ለማለት «<<» ነው የሚጻፈው። ምክንያቱም ቀድሞ «<» የሚለው «ያነሰ ወይም እኩል» ማለት ነበር። ሰው ሁሉ ከሂሳብ ትምህርት በሚያውቀው ምልክት ላይ ሌላ ትርጉም ተጭኖበት ነበርና ማስተካከል ሲያስፈልግ ምልክቱን መድገም ግድ ሆነ። አንዴ ሺህ ፋይሎች ውስጥ የገባ ምልክት ተመልሶ አይወጣም።

ብዙ ሰው የማያየው ጥግም አለ፤ የቤታ፣ ማለትም ለሙከራ ቀድመው የሚወጡ፣ ቨርዥኖች ጉዳይ። በሴምቨር ቅደም ተከተል 2.0.0-ቤታ ከ2.0.0 ይቀድማል። እንግዲያው በሂሳብ ብቻ ከሄድን «ከ2.0.0 በታች» የሚለው ወሰን ውስጥ ይገባል። ይሄ ማለት ከቨርዥን 2 ሰባሪ ለውጦች ራሴን ልጠብቅ ብሎ ወሰን ያበጀ ሰው፣ የዚያኑ የቨርዥን 2ን ያልበሰለ ቅጂ ይቀበላል ማለት ነው። ኤንፒኤም ይሄን በብልሃት ፈቶታል። በወሰኑ ውስጥ ያንኑ ሦስት ቁጥር ከነቤታው ካልጻፍክ በቀር የቤታ ቨርዥን አያስገባም። ለሂሳቡ ብቻ ቢታመን ኖሮ ስንቱ ይሰበር ነበር። ለዚህ ሙሉ ነጥብ እሰጠዋለሁ።

ምልክት ንደፍ ብባል ምን አደርጋለሁ? «እስከዚህ ሞክሬዋለሁ» የሚለውንና «ከዚህ በላይ እንደሚሰበር አይቻለሁ» የሚለውን እለያያቸዋለሁ። ዛሬ ሁለቱም «<2.0.0» ተብለው ይጻፋሉ። አንዱ ግምት ነው፤ ማሽኑ ሌላ መንገድ ሲያጣ ቢያላላው ይገባል። ሌላው ምስክርነት ነው፤ መነካት የለበትም። ወደዚህ በጣም የቀረበው ሃስኬል የሚባለው ቋንቋ መሣሪያ ካባል ነው። «^>=» የሚል ምልክት አለው፤ በእሱ የተጻፉ ወሰኖችን ብቻ ለይቶ ማላላት ይቻላል፣ በግልጽ «<» የተባለውን ሳይነኩ። ሌሎቹ ለምን እንዳልወሰዱት አይገባኝም። ኤንፒኤምና ኮምፖዘር ቢወስዱት የብዙ ሰው ሌሊት ይተርፋል።

እስከዚያው እኛ ጋ ያለው አሠራር ይሄ ነው። በኮምፖዘርና በኤንፒኤም ካሬት እንጽፋለን፣ ሎክ ፋይሉም ከኮዱ ጋር አብሮ ይሄዳል። በፓይተን ለራሳችን ስክሪፕት ሁሉንም በ«==» እናስራለን፤ ለሌላ ሰው በምናካፍለው ላይብረሪ ግን የታችኛውን ብቻ እንጽፋለን፣ መሰበሩን በዓይናችን ካላየን በቀር የላይኛውን አንዘጋም። በካርጎ የተሰጠንን ነባሪ እንቀበላለን። ለደረሰኙ ላይብረሪ ባለቤት ደግሞ «>=0.4.0» የሚለውን ወደ «^0.4.0» የሚቀይር ማስተካከያ ከነምክንያቱ ልከንለት ተቀብሎታል። ሐጂ ጋም ሎክ ፋይሉን ይዘን ሄደን እንደገና ጭነናል።